የደጋ ልጅ ወደ ባሕር ሲወርድ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ አንድ የቀድሞ የፔዳ ተማሪ ያደረጉት ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው ታይቷል።)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ልጆችህ ተናገር» ሲሉኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እኔ ከፔዳ ወጥቼ ዕድሜዬን ሙሉ ላስታ ውስጥ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ሰሌዳና ስለ ጠመኔ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። በኋላ ሲያብራሩልኝ፣ ልጆቻቸውን ለባሕር ሙያ የላኩ ወይም ሊልኩ የሚያስቡ ወላጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉና ከልምድህ አካፍላቸው ነው ነገሩ። ልምድ የሚባለው ጥፋትንም የሚጨምር ከሆነ፣ አዎ፣ አለኝ።

የመጣሁት ከገነተ ማርያም ነው። ላሊበላን ያየ ሁሉ ገነተ ማርያምን አላየም። ከከተማው በስተምሥራቅ በእግር አራት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። ቤተ ክርስቲያኗ ከአንድ አለት የተፈለፈለች፣ ዙሪያዋን በዓምድ የተከበበች፣ ውስጧ ደግሞ በይኩኖ አምላክ ዘመን በተሣሉ ሥዕሎች የተሞላ ነው። ይህን የምነግራችሁ ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም (ብትመጡ ግን ደስ ይለናል)። እኛ ዘንድ «ባሕር» የሚለው ቃል የሚሰማው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጥምቀት፣ «ጥምቀተ ባሕር» ሲባል ስለሆነ ነው። መርከብም ብትሉ የምናውቀው የኖኅን ነው። ቤተ ጊዮርጊስ የዚያ መርከብ ምሳሌ ናት እየተባልን ነው ያደግነው። ተከዜ ከኛው ተራሮች ተነሥቶ በሱዳን አድርጎ ከዓባይ ጋር ወደ ሜዲትራኒያን እንደሚገባ ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ነግሬያለሁ። አንድም ቀን ግን ልጄ ውኃውን ተከትሎ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።

ከቤታችን ወደ ባሕር የወረደ የመጀመሪያው ሰው ግን ልጄ አይደለም፤ ታላቅ ወንድሜ ነው። ልጆቼ «አያ» ይሉት ስለነበር እኔም እንደነሱ አያ ልበለው። በ1969 ዓ.ም. ምጽዋ ገብቶ በባሕር ኃይል የሞተር ቴክኒሻን ሆነ።

ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁና ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በዓመቱ አሥመራ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተና ዕጩ መኮንኖች 52 ወር ይማሩበት ጀመር። ዋናው የጦር ሠፈር ምጽዋ ነበር፤ እንደ አያ ያሉት የበታች ሙያተኞች መርከበኝነቱን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ሞተሩን የሚማሩትም እዚያው ነው። መጀመሪያ ላይ ኖርዌዮች ብዙ ረድተዋል፤ በአያ ጊዜ ደግሞ ሶቪየቶች ነበሩ። አንጋፋዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጣች፣ ከዚያ በፊት የባሕር ላይ አውሮፕላኖችን ስታገለግል የኖረች ናት። አያ እሷ ላይ የሠራበትን ጊዜ ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለወጥ ነበር።

ይህንን ወሬ የሰማሁት ግን እጅግ ዘግይቼ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ያሳፍራል። አያ በፈቃድ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነበር። ዓሣ ትበላለህ ወይ? ውኃው አያሰምጥም ወይ? ደሞዝህ ስንት ነው? «ሥራህ ምንድን ነው?» ያለው አንድ ሰው አልነበረም። እናታችን እስከ መጨረሻው ልጇ መርከብ የሚቀዝፍ ይመስላት ነበር፤ እንደ ጣና ታንኳ። ኋላ አርጅቶ ነው «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሠራሁትን አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቀኝ ቀረ» ያለኝ። አልተቆጣም፤ ሲለው ግን እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው።

ሌላም አለ። አባታችን ያረፈ ጊዜ አያ ምጽዋ ነበር። ሩቅ ያለ ሰው ብቻውን እንዳይደነግጥ ይሸሸግለት የለ፤ እኛም ሸሸግነው። «ሁላችንም ደህና ነን» እያልን ስምንት ወር ደብዳቤ ጻፍን። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ ከቤቱ እጄ የሚነበበው የኔ ነበራ። አያ የሰማው ምጽዋ ገበያ ላይ፣ የላስታ ልጅ አግኝቶት «ለአባትህ ነፍስ ይማር» ሲለው ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ አያ አሰብ ነበር። በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመንና ወደ ጅቡቲ ሲበተኑ እሱ በየብስ ተንከራቶ አገሩ ገባ። የሚያውቀው ሞተር ነው፣ አገሩ ደግሞ ተራራ። ምን ይሥራ? ወፍጮ ቤት ገባ። በዙሪያችን ያሉትን የሊስተር ወፍጮዎች የሚጠግነው እሱ ሆነ። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና «ይኼ ኩሽኔታ ሄዷል» ይላል። ሲፈታ እውነትም ሄዷል። ልጄም ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚሮጠው እዚያ ነበር፤ ቱታ እንዲሰፋለት አልቅሶ አሰፍቷል።

እንግዲህ ልጁ አድጎ እዚሁ ፖሊ መካኒካል ምህንድስና ገባ። ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ላሊበላ መጡ። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር። እኛ ውይይታችን ስለ ቤተ ክርስቲያኖቹ ጥገና ነበር። ማታ በሬዲዮ እንደሰማነው ግን የዚያኑ ዕለት አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ውስጥ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል እንደገና ለማቋቋም መርዳትም ነበረበት። አያ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። «ያለ ባሕር?» አለ ጎረቤታችን እየሳቀ። አያ ግን አልሳቀም። «ባሕሩ የትም አልሄደም፤ የሄድነው እኛ ነን» አለና ወደ ማደሪያው ገባ።

ልጄ በዚያው ዓመት ተመርቆ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ማሪታይም አካዳሚ ለመግባት አመለከተ። አካዳሚው የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቃንን ተቀብሎ ለንግድ መርከብ መሐንዲስነት እንደሚያሠለጥን እዚህ ላለን መንገር የአንባሻ አገር ሰው ስለ አንባሻ እንደማስረዳት ነው። አለፈ። ደውሎ ነገረኝ። እኔስ ምን አልኩት? «እናትህ አትችለውም፤ ለእሷ ስትል ተው።»

እናቱ ገና አልሰማችም ነበር! ያልቻልኩት እኔ ነኝ። አያ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሰማኝ ኖሮ ስልኩን እንደዘጋሁ «ፍርሃቱ ያንተ ነው፣ በእሷ ስም አታስወራው» አለኝ። ባለቤቴ በእርግጥ ስትሰማ አልቅሳለች፤ «ልጄን ለዓሣ አልወለድኩም» ብላለች። ግን በሁለተኛው ቀን የጠየቀችውን ጥያቄ እኔ ፊዚክስ አስተማሪው አልጠየቅሁም። «የሚሠራው ከመርከቡ በየት በኩል ነው?» አለች። አያ ወረቀት አውጥቶ ሣለላት። ከውኃ መስመር በታች፣ ወደ ኋላ፣ የሞተር ክፍል። ትልልቆቹ ሞተሮች ቁመታቸው የቤተ ጊዮርጊስን ያህል፣ ወደ 12 ሜትር የሚደርስ አለ፤ ትልቅ ከመሆናቸው የተነሣ ቀስ ብለው፣ በደቂቃ መቶ ዙር አካባቢ ነው የሚዞሩት፣ ዘንጉም በቀጥታ ፕሮፔለሩን ያዞራል። «እንግዲያው ባሕሩን አያየውም ማለት ነው?» አለች። «ከሥራ ሲወጣ ካልሆነ አያየውም» አላት አያ። ይህ ለምን እንዳጽናናት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ግን አጽናናት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ይቻላል። ልጁ ሲደውል አንድ አንድ ነገር እንዲያስረዳን አስገደድነው። ለምሳሌ የባሕር ሠራተኛ ሥልጠና የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ፣ በ1995 እና በ2010 በተሻሻለ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሆኑን። መርከብ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሁሉም፣ ምግብ አብሳዩም ጭምር፣ አራት ነገር ይማራሉ፦ ባሕር ላይ ነፍስን ማትረፍ፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ርዳታ፣ የግል ደኅንነትና አብሮ የመኖር ኃላፊነት። የደጋ ልጅ አይዋኝም። የኔውም አይዋኝ ነበር፤ የተማረው በሃያዎቹ ዕድሜው ነው፣ እየተንቀጠቀጠ። መሐንዲስ ሆኖ ተራ ለመረከብ የሚያበቃውን የብቃት ወረቀት ለማግኘት ደግሞ የወርክሾፕ ልምምድና የባሕር አገልግሎት ተደምሮ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ወር በመሐንዲስ እየታየ በሞተር ክፍል ተራ የጠበቀ መሆን አለበት። የሠራት እያንዳንዷ ነገር በሥልጠና መዝገብ ላይ ትፈረማለች። አያ ይህችን መዝገብ ሲሰማ ዝም አለ። የእሱ አሥራ አራት ዓመት የተመዘገበበት፣ ሌላ መርከብ ላይ ሊያሳየው የሚችል አንዲት ገጽ አልነበረውማ።

ሥልጠናው አለቀ። ከዚያ የመጣው ግን ማንም ያልነገረን ነገር ነው፤ መጠበቅ። ኮሮና ገባና ወደቦች ተዘጉ። በዓለም ዙሪያ የሥራ ውላቸው አልቆ መውረድ ያልቻሉ ባሕረኞች በመቶ ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። እነሱ ካልወረዱ ደግሞ አዲሱ አይወጣም። ልጄ ሰርተፊኬቱን ይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ገነተ ማርያም ቁጭ አለ፤ ወፍጮ ቤት ከአያ ጋር። የመንደሩ ሰው «መርከቡ ወዴት ቆመ?» እያለ ይቀልድበት ነበር። በአዳራሹ ያላችሁ ወላጆች፣ ሥልጠናው አይደለም የሚከብደው፣ ይህ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው አንድ ደላላ አዲስ አበባ ላይ አግኝቶት «መርከብ አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የጠየቀው። በሬ ልሸጥ ተነሥቼ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ከአካዳሚው አብሮት የወጣ ልጅ ነው ያስቆመን። በባሕረኞች የሥራ ስምምነት መሠረት ሥራ ለማግኘት ባሕረኛው ለአገናኝ የሚከፍለው ክፍያ የለም። ፓስፖርት፣ የባሕረኛ መታወቂያ መጽሐፍ፣ የራሱ ሰርተፊኬት፣ በአገሩ ሕግ የሚጠየቀው የጤና ምርመራ፤ ወጪው ይኸው ነው። ከዚህ ውጪ «ክፈል» የሚላችሁ ሰው ካለ በሬያችሁን አትሽጡ።

በሚያዝያ 2013 መርከብ ወጣ፤ ዕቃ የሚጭን የውጭ ኩባንያ መርከብ ነው። እናቱ በሶ ቋጥራ ሰጠችው። ሻንጣው ላይ ኪሎ ሲበዛ ጫማውን አውጥቶ በሶውን እንደያዘ ኋላ ሰማን።

መርከቡ ላይ ያለው ኢንተርኔት በሳተላይት ስለሆነ የሚሰጣቸው ጥቂት ነው። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴ በሁለት ሳምንት ይደውላል። እኛም የምንጠይቀውን ተዘጋጅተን እንጠብቃለን። አያ «ነዳጁ ውኃ ገብቶበት እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» ይለዋል። ልጁ ወፍራሙ ናፍታ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር ማጣሪያ እንደሚጣራ፣ ከዚያ ሞተሩ ውስጥ ከመረጨቱ በፊት ከመቶ ዲግሪ በላይ እንደሚሞቅ፣ ክፍሉ ራሱ ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ ያስረዳዋል። አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፣ እንደገና አራት ሰዓት። አንድ ቀን እየሳቀ ደውሎ «አያ፣ ዋናው መሐንዲስ ካቻቢቴ ጆሮዬ ላይ አስደረገኝ!» አለው። አያ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ስልኩም መብራቱም ጠፋ።

ስለ ጦርነቱ እዚህ አላወራም፤ ሁላችሁም የየራሳችሁ አላችሁ። አንድ ነገር ብቻ። እኛ ስንት ጊዜ ስለ ማዕበል ስንጸልይ ኖረን፣ ማዕበሉ የመጣው በኛ በኩል ነው። ልጁ የብረት መርከብ ላይ፣ ምግቡን በሰዓቱ እየበላ፣ በየቀኑ ዜና እያየ የማይነሣ ስልክ ይደውል ነበር። ኋላ ስልኩን ሲያሳየኝ 163 ጊዜ ደውሏል። ተራውን አንድ ቀን አላስተጓጎለም። «ሥራ ላይ ሳለሁ ይሻለኝ ነበር፤ የሚገድለኝ ስምንቱ ሰዓት ነው» ብሎኛል።

በኅዳር እናቴ አረፈች። አርጅታ ነበር፤ መድኃኒትም አልነበረም። እንደ ጊዜው ቀበርናት።

በጥር ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ሄጄ ደወልኩ። ልጁ ድምፄን ሲሰማ ለአንድ ደቂቃ ያህል አላወራም። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። እማዬስ? ደህና ናት። እህቴስ? ደህና። አያስ? ደህና። አያቴስ?

«ደህና ናት» አልኩት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ባሕር ላይ ብቻውን ነው፣ ዕዝን የሚቀመጠው የለ፣ የሚያቅፈው የለ። መርዶ በኛ ዘንድ ሰው ተሰብስቦ፣ ሌሊት፣ በሽማግሌ ነው የሚነገር፤ በስልክ አይነገርም። ስመለስ ለአያ ነገርኩት። «እንደኔ አደረግኸው?» አለኝ። ይህችን ብቻ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ እንደነበርኩ ሁለታችንም እናውቃለን።

ያኔም አልተመለስኩም። ስድስት ሳምንት ዋሸሁት። «ተኝታለች»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»። የካቲት ውስጥ አንድ የአክስት ልጅ ፌስቡክ ላይ የእናቴን ፎቶ ለጥፎ «ነፍስሽን ይማር» ብሎ ጻፈ። ልጄ ያንን ያየው ከሌሊቱ ተራ ወጥቶ ቱታውን ሳያወልቅ ነው። አሥራ አንድ ቀን አልደወለም። በአሥራ ሁለተኛው ደወለና አላለቀሰም፣ አልጮኸም። «አባባ፣ የሞተር ክፍል ውስጥ ጌጅ ቢበላሽ እናውቃለን፤ በእጃችን እየዳሰስን እንሠራለን። የሚያጠፋን እየሠራ የሚዋሽ ጌጅ ነው። ከእንግዲህ ደህና ነን ስትለኝ ምን ላድርግ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሚያዝያ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሄደው መቃብሯ ላይ ነው፤ እኔ ተከትዬው ሄድኩ፤ አላባረረኝም።

ከዚያ ቁጭ ብለን ተነጋገርንና ሥርዓት አበጀን። እናንተም ብትፈልጉ ውሰዱት። ክፉ ነገር ሲኖር ይነገረዋል፤ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ከሌላ አይሰማም። ተራ ከመግባቱ በፊት አይነገረውም፣ ሲወጣ ነው። ከተቻለ መርከቡ ወደብ ላይ ሳለ። እኔ ከመናገሬ በፊት ደግሞ አጠገቡ የሚሆን አንድ የመርከቡ ሰው እንዲያውቅ ይደረጋል፤ የዚያን ሰው አድራሻ መርከብ በወጣ ቁጥር ይልክልኛል። የመጨረሻዋ ነገር የእናቱ ሐሳብ ናት፦ እኛ በመካከላችን ስንጣላ ለእሱ አንደውልም።

ይህ ሥርዓት በ2016 ተፈተነ። አያ አረፈ። ልጄ በዚያን ጊዜ አራተኛ መሐንዲስ ነበር፣ መርከቡ ሲንጋፖር መልሕቅ ላይ ነው። በላከልኝ አድራሻ አብሮት ለሚሠራ አንድ የደሴ ልጅ ጻፍኩለት። ልጁም «ጋሼ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይውጣ፣ እኔ አጠገቡ እሆናለሁ» ብሎ መለሰልኝ። በሰዓቱ ደወልኩ። «ልጄ፣ አያ ዛሬ ጠዋት አርፏል» አልኩት። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። የደሴው ልጅ ቡና አፈላ፤ ፊሊፒናዊው ሁለተኛ መሐንዲስ የሌሊቱን ተራ ያዘለት። ሦስት ሰዎች ሆነው የመርከቡ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ዕዝን ተቀመጡ። ፎቶው አለኝ፤ ሦስቱም ቱታ ነው የለበሱት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጥቷል፤ ዛሬ እዚህ ለመናገር እሺ ያልኩትም እውነቱን ለመናገር ለሱ ስል ነው። ትንሿ ልጄ እዚሁ ፖሊ ኤሌክትሪካል አራተኛ ዓመት ናት። የአያን ሳጥን የወረሰችው እሷ ናት። ከውስጡ የሞተር ማስታወሻ ደብተሩ ወጣ፤ ሥዕሉ በእጅ፣ ግማሹ ቃል ሩስኪ። ያንን ስታገላብጥ ከርማ «አባባ፣ እኔ የንግድ መርከብ አይደለም የምፈልገው፣ ባሕር ኃይል ነው» አለችኝ። ወንድሟ በስልክ ተከራከራት፤ እናቷ በዚህ ጊዜ አላለቀሰችም፣ «ከመርከቡ በየት በኩል?» ብላ ጠየቀቻት። እኔም «ለእናትሽ ስትይ» አላልኩም። ግን ፈርቻለሁ፤ ፈርቻለሁ ብዬም ነግሬያታለሁ።

የምፈራው ውኃውን አይደለም። አያ የገባበትን ጉድጓድ ነው። ያ ከላይ ያነሣሁት የሥልጠና ስምምነት የጦር መርከቦችን አይመለከትም፤ በአንቀጹ በግልጽ ወጥተዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ጦር መርከብ ላይ አሥር ዓመት ጄኔሬተር ሲጠግን ቢኖር፣ ነገ ቢወጣ ያ ዕውቀት በሲቪሉ በኩል በምን ወረቀት ይቆጠርለታል? ባሕር ኃይሉ እንደገና እየተደራጀ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ አካዳሚውም በግቢያችን ባለበት፣ ይህን የሚያስብ ሰው እንደሚኖር ተስፋ አለኝ። መምህራን፣ እናንተን ነው የማየው። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ልጨምር። አካዳሚው በዓመት አንድ ቀን ወላጆችን ጠርቶ ወርክሾፑን ቢያሳየን ምን ይከፋል? መሣሪያ ይዘን አናበላሽም፤ ቆመን እናያለን። ባለቤቴ አንድም ቀን እውነተኛ የመርከብ ሞተር አላየችም።

ልጄ ጥያቄዎቿን ጽፋ ሰጥታኛለች፤ ኪሴ ውስጥ ናቸው፣ ስድስት ናቸው። ስንት ዓመት አገልግሎት ግዴታ ነው? ሴት ቴክኒሻን የሞተር ክፍል ትመደባለች ወይ? የባሕር ልምምዱ የት ነው፣ በስንት ጊዜ ነው? ደሞዙን አልጠየቀችም፣ እሱን እኔ ጨምሬያለሁ። ሌሎቹ ቴክኒክ ናቸው፣ እኔም ሁሉም አልገቡኝም። ከዚህ አዳራሽ መልሱን የሚያውቅ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው የሚያውቅ ካለ፣ ከምሳ በኋላ በዋናው በር በኩል ቆሜ እጠብቃለሁ። ቡናማ ኮት የለበስኩት ነኝ።